የጨለማው ክፍል ጥንዶች

ሰኞ ጠዋት አባ ስህተት ከሰሌዳው ፊት ቆመው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ «ቲቸር» የምትባለው ተማሪ የነጭ ጋዋኗን ቁልፎች እየቆለፈች ነበር። ሽማግሌው የከፍተኛ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ኮርስ መምህር ናቸው። ተማሪዎቹ ይህን ስም ያወጡላቸው፣ ማንም የፈለገውን ውጤት ይዞ ቢቀርብ «ጎሽ» ከማለታቸው በፊት «ስህተቱ ስንት ነው?» ብለው ስለሚጠይቁ ነው። ሽማግሌውም ስሙን ያውቁታል። በአጸፋው እሳቸውም ተማሪውን ሁሉ የሚጠሩት በቅጽል ስሙ ነው።

«የሙከራ ጥንዶቹ ላይ ትንሽ ለውጥ አለ» አሉ ወለሉን እያዩ። «ቲቸር፣ ከዛሬ ጀምሮ ከሬዲዮ ጋር ትሠሪያለሽ። ረጅሙ፣ አንተ ወደ መጨረሻው መጋረጃ ትሄዳለህ።»

ቲቸር ዞር ብላ ረጅሙን አየችው። ከሰው ሁሉ በላይ ብቅ ብሎ የሚታየው ያ ራስ አቀርቅሯል። ጫማውን ነው የሚያየው። አንዴ ቀና ብሎ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» የሚል ፊት ቢያሳያት ይበቃት ነበር። አላሳያትም።

አፉ የማያርፈው ሬዲዮ ወንበሩን እየጎተተ መጣ። «እንግዲህ እህቴ፣ ዕጣሽ እኔ ሆኛለሁ፤ ቻይው» አላት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ትናንት እሁድ የረጅሙ እናት ቤት ነበረች። ዛሬ ጥንዱ ተቀየረ። ይህን ለመደመር የፊዚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። 

ቲቸር እዚህ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ የከፈለችውን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ለዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፊዚክስ ስታስተምር ኖራ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ፈቃድ ያገኘች ዕለት ባሏ «ወይ ትምህርቱ፣ ወይ እኔ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ በሕይወቱ «እምቢ» የሚባል ቃል ከእሷ አፍ ሰምቶ አያውቅም። አስቢበት ብሎ ወጣ፤ ሲመለስ ሻንጣዋ በር ላይ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ጉድ አለ። አባቷ አኮረፉ። ታላቅ እህቷ ብቻ፣ በልብስ ስፌት የምትተዳደረው እትዬ፣ ከስፌት መኪናዋ ጎን አንድ ፍራሽ ዘርግታ «ነይ ግቢ፤ እዚህ የሚያኮርፍሽ መርፌ ብቻ ነው» አለቻት።

ይህ ኮርስ ደግሞ ከሁሉም የከበደው ነው። እዚህ የወደቀ ከትምህርቱ ይሰናበታል። የመንፈቁ ሥራ የዘይት ጠብታ ሙከራ ሲሆን የሚሠራውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። ምድር ቤቱ በጥቁር መጋረጃ በጠባብ በጠባቡ ተከፋፍሏል። በየክፍሉ፣ የሽቶ መርጫ በመሰለች ዕቃ ዘይት ይረጫል፤ ጠብታዎቹ በሁለት ብረቶች መካከል ቀስ ብለው ይወርዳሉ። በአጉሊ መነጽር ላያቸው ሰው ጨለማ ውስጥ የሚንሳፈፉ ከዋክብት ይመስላሉ። ከመካከላቸው አንዷን መርጦ፣ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባት ሽቅብ ስትወጣ፣ ሲቋረጥባት ቁልቁል ስትወርድ ጊዜዋን መያዝ ነው። አንድ ኤሌክትሮን የሚሸከመው ቻርጅ የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። አንዱ ያያል፤ ሌላው ማብሪያ ማጥፊያውንና ሰዓቱን ይይዛል። የሚያየው «አሁን» ሲል የያዘው ይጫናል። ዓይኑን ከጠብታዋ ላይ አንዴ የነቀለ ደግሞ አያገኛትም።

ከረጅሙ ጋር ያጣመራቸው ዕጣ ነበር። ፊቱን በደንብ ሳታየው ድምፁን ለመደችው። ሲደክመው፣ ሲርበው፣ ሊስቅ ሲዳዳው ከአንዲት «አሁን» ታውቅለት ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠብታዋ ጠፍታባት «አመለጠችኝ» ስትለው፣ «አንቺ ብቻ እንዳታመልጪኝ» አላት። ብሎም በራሱ ደነገጠ።

ቲቸር ዓይኗን ከመነጽሩ አላነሳችም። «ሌላ ርጭ» አለችው።

ረጨ። ግን ግማሹ ዘይት ጋዋኗ ላይ አረፈ። ያን ቀን ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ውስጥ ያለው ጨለማ የሁለቱ ሆነ። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ ነግራዋለች። አግብታ መፍታቷንም ነግራዋለች። «እኔ የማውቅሽ ከዚህ ወዲህ ነው» ነበር መልሱ።

ሲስተር ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው የጠየቁት። የረጅሙ እናት ነርስ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ገና ሕፃን የነበረውን አንድ ልጃቸውን እያሳደጉ፣ አንዲት ጠባብ መርፌ መውጊያ ክፍል ይዘው ጀምረው፣ ዛሬ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው የትልቅ ክሊኒክ ባለቤት ሆነዋል። እሁድ ዕለት ምሳ ላይ ቲቸርን ከእግር እስከ ራሷ በጨዋ ዓይን ለኳት።

«አግብተሽ ነበር አሉኝ፣ ልጄ።»

«አዎ፣ አግብቼ ነበር።»

«ምነው፣ ተለያያችሁ?»

«ፈታሁት» አለች ቲቸር።

ልትል የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። አልተስማማንም፣ አልሆነልንም፣ የአምላክ ፈቃድ ነው። እነዚህን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ለሰው ስትል መናገር ግን ከሰለቻት ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ሲስተር ያናገሩት ልጃቸውን ብቻ ነበር።

*

«ጠይቂው ታዲያ» አለቻት እትዬ፣ መርፌ በጥርሷ እንደነከሰች። «አፍ የተፈጠረው ለእንጀራ ብቻ ነው?»

«ምን ብዬ?»

«‹ጥለኸኝ ነው ወይስ አስጣሉህ?› ብለሽ።»

«ጫማውን ሲያይ እኮ ነው ያየሁት፣ እትዬ። ያልበደለ ሰው ጫማውን አያይም።»

«ረጅም ሰው ሌላ ምን ያያል? ሁሉም ነገር ከታቹ ነው።»

ቲቸር ሳትወድ ፈገግ አለች፤ ወዲያው እንባዋ መጣ። እትዬ የምትሰፋውን ልብስ ወዲያ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትምህርቱን ልተወው ብለሽ እንዳታስቢ» አለቻት ቀስ ብላ።

«ለማን ብዬ ነው የምተወው?» ቲቸር እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ለዚህ ብዬ ትዳር ጥዬ ወጥቻለሁ። ፍቅር አያስፈልገኝም ብዬማ አልወጣሁም።»

ይህን ስትል ድምፏ ጠንካራ ነበር። ደረቷ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው።

ሳምንቶቹ ክፉ ነበሩ። ሬዲዮ ልቡ ቅን ቢሆንም ጠብታዋ መስመሩን አልፋ ከሄደች በኋላ ነው «አሁን» የሚለው፤ ወሬው መሀል እየገባበት። እሷ ግን ችግሩ ሬዲዮ ብቻ እንዳልሆነ ታውቀዋለች። ከመጨረሻው መጋረጃ በኩል የረጅሙ ድምፅ ይሰማል። «አሁን» ሲል እጇ ሳታዘው ይጫናል። የሌላ ሰው ጠብታ ላይ፣ በሌላ ሰው ሰዓት።

አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተገጣጠሙ። እሱ ሲወርድ እሷ ስትወጣ ነው። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አንዳቸው ካልተጠጉ አያልፉም። ረጅሙ ተጠጋ። ከስቷል። አንገቱ ረዝሞ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል።

«ይቅርታ» አላት።

እሱ ስለ እሁዱ ምሳ መናገሩ ነበር። እናቱ አዋርደዋታል፤ እሱም ተቀምጦ አይቷል። ከእሱ ጋር መሥራት አልፈልግም ብላ ወደ መምህሩ ሄዳ ያስቀየረችውም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ አምኗል። ፈርዶላትም ነበር። ቲቸር የሰማችው ግን የጥፋተኛ ቃል ነው።

«ገባኝ» አለችው።

እሱም ይህን «ገባኝ» እንደ በር መዝጊያ ሰማው። አንገቱን ነቅንቆ ወረደ። የጫማው ኮቴ ከምድር ቤቱ ወለል እስኪደርስ ድረስ ቆማ አዳመጠችው። ዞሮ ቢጠራት ኖሮ ትዕቢቷ ሁሉ እዚያው ደረጃ ላይ ይቀር ነበር።

*

ሲስተር የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ረፋድ ላይ፣ ላቦራቶሪው በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ራሳቸው ወረፋ የሚጠብቁ ታካሚ መስለዋል።

«አረፍ በይ ልጄ፤ አልቆይብሽም» አሉ።

ቲቸር ተቀመጠች።

«አልጠላሁሽም። መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ። ልጄን ውጭ አገር የትምህርት ዕድል ይጠብቀዋል። ሁሉ ነገር አልቋል፤ ይህን ኮርስ በጊዜው ማለፍ ብቻ ነው የቀረው። አሁን ግን አልሄድም ይለኛል። ምግብ አይበላም። እንደ ድሮው አያጫውተኝም።» ሲስተር ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ያዙት። «ከእሱ ስትለዪ ይረሳሻል ብዬ ነበር የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ያናገርኩት። ያውቀኛል፤ እናቱን አክሜለታለሁ። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።»

 የቲቸር ጆሮ የሰማውን ልቧ እስኪደርስበት ጥቂት ቆየ።

«እርስዎ ነዎት ያስቀየሩን?»

«እናት ነኝ።»

«እሱ አያውቅም?»

«አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም።» ሲስተር ወደ እሷ ዞሩ። ዓይናቸው ቀልቷል። «እባክሽ ይህን ኮርስ ለሚመጣው ዓመት አስተላልፊው። አንቺን እዚህ ካላየ ልቡ ይቆርጣል። አንቺ አንዴ ትዳር አይተሻል፣ ሕይወት አይተሻል። እሱ ገና ልጅ ነው። ፈት አገባ ብሎ ሰው መጠቋቆሚያ ሲያደርገው አልይ።»

 ቲቸር ቁጣ ቢመጣባት ይቀላት ነበር። የመጣባት ግን ሌላ ነገር ነው። ከፊቷ ያሉት ሴት ብቻቸውን ልጅ ያሳደጉ፣ ብቻቸውን ክሊኒክ የከፈቱ፣ ስንት «አትችይም» የሰሙ ሴት ናቸው።

«ሲስተር» አለች በመጨረሻ፣ «ባልዎ የሞቱ ጊዜ ሰው ምን አለዎት?»

ሲስተር ዓይናቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

«አርፋ ልጇን ታሳድግ፣ ክሊኒክ የሴት ሥራ አይደለም፣ አላሉዎትም?»

«ብለውኛል» አሉ ሲስተር ቀስ ብለው። «የኔ ግን ሞት ነው። እኔ መርጬ አይደለም።»

«እኔ መርጬ ነው። በመምረጤም አላፍርም።» ቲቸር ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ኮርሱን አላስተላልፍም። አንድ ሰው ትምህርቴን ተይ ቢለኝ ሰውየውን ትቼ ወጥቻለሁ፤ ለእርስዎ ብዬ አሁን ልተወው አልችልም። ልጅዎን በተመለከተ ደግሞ፣ ይሂድም ይቅርም እሱ ይወስን። ግን እኔ ነኝ የተውኩት ብዬ አልዋሽልዎትም። ራሱ በአፉ ካልተወኝ አልተወውም።»

ሲስተር ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ንዴት ይሁን ኀዘን ቲቸር መለየት አልቻለችም።

«አንደበትሽ ስለት ነው» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰው እንዲህ አድርጎ ነው የሳለው።»

ሲስተር ሲሄዱ ከኋላ አየቻቸው። ጀርባቸው ድንገት ያረጀ መሰላት። አዘነችላቸው፤ ሐዘኗ ግን ከቃሏ አንዲት ፊደል እንኳ አላስቀነሳትም።

*

በማግስቱ ላቦራቶሪ ሲጀመር ሁሉም ወደየመጋረጃው ሲገባ፣ ቲቸር ከሰሌዳው ፊት ቀረች።

«አባ—» አለችና ራሷን ያዘች። «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

አባ ስህተት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ጠይቂ።»

«ከጥንዴ ለምን ተለየሁ?»

መጋረጃዎቹ ውስጥ ያለው ንግግር አንድ በአንድ ቆመ። ሬዲዮ እንኳ ዝም አለ።

ሽማግሌው አፈሩ። ማፈራቸው ከጆሯቸው ይጀምራል፤ ቀላ። «ከበላይ ነው የታዘዝኩት። ተማሪዎቹ ራሳቸው ስለጠየቁ ነው የተባልኩት። የስሜት ጉዳይ ስለመሰለኝ እኔም ምክንያት መጠየቅ አልፈለግሁም።»

«እኔ አልጠየቅኩም» አለች ቲቸር።

የመጨረሻው መጋረጃ ተገለጠ። ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ጋዋኑ ከጉልበቱ በላይ ነው። ጨለማ ውስጥ የቆየ ዓይኑን ብርሃኑ አጭበረበረው።

«አንተስ?» አለችው። ክፍሉ ሙሉ ሰው እንዳለ ታውቃለች። ነገ ወሬው ካፍ ካፍ እንደሚሄድም ታውቃለች። ይሂድ። «አንተ ጠይቀሃል?»

«እኔ?» ረጅሙ ግራ ገብቶት አያት። «እኔማ አንቺ የጠየቅሽ መስሎኝ ነው። በዚያ እሁድ ተቀይመሽ...»

«ደረጃው ላይ ይቅርታ ያልከኝስ?»

«እናቴ ፊት ዝም ስላልኩ።»

«እኔ ደግሞ...» ቲቸር መጨረስ አቃታት። ስንት ሳምንት ሙሉ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጨርቅ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው የሌላውን ጥፋት ተሸክመው ሲያቃስቱ ኖረዋል። 

«ማነው ታዲያ የጠየቀው?» አለ ረጅሙ።

ቲቸር ሲስተር የለመኗትን አስታወሰች። እንዲያውቅ አልፈልግም ብለዋት ነበር። ቃል ግን አልገባችላቸውም።

«እናትህን ጠይቃቸው» አለችው በዝግታ። «ከእኔ ሳይሆን ከእሳቸው ስማ። ስትጠይቃቸውም አትጩህባቸው።»

ገባው። ፊቱ ላይ ደም መጥቶ ሄደ።

አባ ስህተት ጠረጴዛቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «እኔ የዚህ ኮርስ መምህር ነኝ» አሉ። «ስለ ኃላፊው እኔ አስብበታለሁ። ግን ልብ በሉ። ለየብቻ የለካችሁትን እንደ አንድ ጥንድ ሥራ አልቀበልም። አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከዜሮ ነው። የቀረው ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ካልደረሳችሁ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ፤ እኔም አላዝንላችሁም።»

ረጅሙ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። «ከዜሮ» አለ።

ቲቸር እጇን አንስታ አስቆመችው። «ቆይ። አንተ የምታጣው ነገር አለ። የውጭው ዕድልህ ይህን ኮርስ በጊዜው ማለፍህን ይጠብቃል። ለኔ ብለህ የሆነ ነገር ጥለህ፣ ኋላ ዕድሜ ልኬን ባለዕዳ እንድታደርገኝ አልፈልግም።»

«ለአንቺ ብዬ አይደለም።» ድምፁ የጨለማው ክፍል ድምፅ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል። «ያመለከተችልኝ እማዬ ናት፤ የሚጠብቀኝም እሷ የመረጠችልኝ ትምህርት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምለብሰውን ሸሚዝ ጭምር የምትመርጥልኝ እሷ ናት። እወዳታለሁ። ግን ሰው ነኝ። እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ራሴ የፈለግኩት።» ዞር ብሎ ክፍሉን አየ፤ ከዚያ እሷን። «ፊዚክሱን ማለቴም ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቲቸርም ሳቀች፤ በዚህ ጊዜ ከጥርሷ አልፎ ሆዷ ድረስ ወረደ።

«በሉ፣ ዘይቱ ይጠብቃችኋል» አሉ አባ ስህተት፣ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው። ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ግን ሁሉም አየ።

መጋረጃው ከኋላቸው ሲዘጋ ብዙ አልተነጋገሩም። እሷ መነጽሩ ላይ አጎነበሰች። እሱ ረጨ። ከዋክብቱ ወረዱ። አንዷን መረጠች፤ ዝግ ያለች፣ የማትቸኩል። «አሁን» አለች፤ ጣቱ ከቃሏ እኩል ወረደ። ሌላ ሰው ይህን ቢሰማ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። እሷ ግን ጨለማ ውስጥ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ጠብታዋን ማየት ስላቃታት፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ልኬት አቋረጠች።

*

የቀሩት ሳምንታት ሩጫ ነበሩ። ረጅሙ እናቱን ጠይቋቸው ነበር፤ አልጮኸባቸውም። ሲስተር ግን ማስቀየራቸውን ካመኑለት በኋላ አኩርፈው፣ በአንድ ቤት እየኖሩ ለልጃቸው መልስ የሚሰጡት በቤት ሠራተኛዋ በኩል ሆነ። የውጭው ትምህርት ቀነ ገደብም ረጅሙ ሳይመዘገብ አለፈ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ኮሪደር ላይ ቲቸርን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። እሷ መንገዷን አልቀየረችም።

ውጤታቸውን ያቀረቡት በመጨረሻው ቀን ነው። ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ትንሽ ይርቃል። ሬዲዮ ከቀኑ በፊት «ሁለት ሦስቱን መጥፎ ልኬት ብታወጡት እኮ ይገጥማል» ብሏቸው ነበር። ቲቸር አልተቀበለችም። ያዩትን ሁሉ፣ ያማረውንም ያላማረውንም፣ እንዳለ አስቀመጡት፤ ተጠየቁ፤ መለሱ። አለፉ። ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ቁጥር አልነበረም፤ የእነሱ ግን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተያይዘው ከግቢው ሲወጡ፣ የሲስተር መኪና በሩ ላይ ቆማለች። ሲስተር ከመሪው ኋላ ናቸው። መስኮቱ ዝቅ አለ።

«ግባ» አሉት ልጃቸውን። ቲቸርን አላዩም።

ረጅሙ የቲቸርን እጅ አልለቀቀም። «እማዬ፣ አለፍን» አላቸው።

የሲስተር ከንፈር ተንቀሳቀሰ። የእናት ደስታ ነበር ሊወጣ የነበረው፤ መልሰው ዋጡት። «ግባ ብዬሃለሁ።»

«እኛ በእግራችን እንሄዳለን። ከፈለግሽ ኋላ ያለው ወንበር ለሁለታችን ይበቃል።»

ሲስተር ያን ጊዜ ቲቸርን አዩ። ቲቸር ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ እንደ ታላቅ፣ እንደ እናት፣ ከልቧ። ግን እጇን ከእጁ አላወጣችም። ሲስተር ያን የተያያዘ እጅ ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ መስኮቱ ከፍ አለ፤ መኪናዋም ቀስ ብላ ሄደች።

 ቲቸር የረጅሙ ጉንጭ ላይ የወረደችውን እንባ አየች፤ አልጠረገችለትም፤ ማልቀስ መብቱ ነው። ነገ ሲስተር ይመለሱ እንደሆን፣ ጨርሰው ይጨክኑ እንደሆን አታውቅም። ፍርሃቱ አለ። ከጎኗ እየሄደ ነው። እሷ ግን እድሜዋን ሙሉ ፍርሃትን ያወቀችው ብቻዋን ነበር፤ ዛሬ የሚፈራላት ሌላ ሰው እጇን ይዟል። መንገዱ ሰው ሞልቶበታል፤ ሰውም ያያቸዋል። ቲቸር ቀና ብላ፣ ሳትቸኩል፣ በመሀሉ ሄደች።